ስለ ድረ ገጽ የደኅንነት ምስክር ወረቀት አመራረጥ

አንድ አስመጪ በውጭ አገር ላለው ሻጭ ኤል ሲ ሲያስከፍት፣ ሰነዱ ዋጋ የሚኖረው የሻጩ ባንክ ያወጣውን ባንክ አውቆ ሲቀበለው ነው። ባንኩ ካልታወቀ፣ ወረቀቱ ምንም ያህል ቢያምር ዕቃው በመርከብ አይጫንም። የድረ ገጽ የደኅንነት ምስክር ወረቀትም ነገሩ እንደዚሁ ነው። ይህ ምስክር ወረቀት ደንበኛው ወደ ድረ ገጹ የሚልከው የይለፍ ቃልም ሆነ የክፍያ ካርድ ቍጥር በመንገድ ላይ ለሌላ ሰው እንዳይነበብ ያደርጋል፤ ገጹም በእርግጥ የአድራሻው ባለቤት መሆኑን ይመሰክራል። ምስክርነቱን የሚቀበለው ወይም የሚጥለው ግን ደንበኛው የሚገለገልበት ብራውዘር ነው። ክሮምም፣ ሳፋሪም፣ ፋየርፎክስም የሚያምኗቸው ሰጪ ድርጅቶች ዝርዝር አላቸው። ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ድርጅት የፈረመው፣ ወይም የገጹ ባለቤት ራሱ ለራሱ የፈረመው ሲቀርብላቸው፣ በገጹ ፋንታ ማስጠንቀቂያ ያሳያሉ፤ ገበያተኛውም ከደጅ ይመለሳል።

ዝርዝሩም ቢሆን የማይለወጥ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ዲጂኖታር የተባለው የሆላንድ ድርጅት በሰርጎ ገቦች ተደፍሮ የሐሰት ምስክር ወረቀቶች ስለ ወጡበት፣ ብራውዘሮች ከዝርዝራቸው ሰረዙት፤ በዚያው ዓመት ከሰረ። ስመ ጥር የነበረው ሲማንቴክ እንኳ የአሰጣጥ ደንብ ጥሷል ተብሎ በ2018 በክሮም ዘንድ ተቀባይነት አጣ፤ የከፈሉበትም ነጋዴዎች ምስክር ወረቀታቸውን መለወጥ ግድ ሆነባቸው።

እንግዲህ ዋጋው ስለ ረከሰ አይታመንም ማለት አይቻልም። ሌትስ ኤንክሪፕት የተባለው ድርጅት ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ ዋና ዋናዎቹ ብራውዘሮችም ይቀበሉታል፤ ምስጢር በመጠበቅ ረገድ በገንዘብ ከሚገዛው አያንስም። የውጭ ምንዛሪ ለሚቸግረው ነጋዴ በየጊዜው በዶላር ከመክፈል መዳን ቀላል ነገር አይደለም። ውድ የሆነው ዓይነት የሚጨምረው፣ ሰጪው ድርጅት የንግድ ቤቱን ሕጋዊ ህልውና መርምሮ ስሙን በምስክር ወረቀቱ ውስጥ ማስገባቱን ነው። ቀድሞ ይህ ስም ከአድራሻው አጠገብ ጎልቶ ይታይ ነበር፤ በ2019 ክሮምና ፋየርፎክስ ከዚያ ስፍራ አንሥተውታል። ባንክ ይፈልገው ይሆናል፤ ለባለ ሱቅ ግን ወጪው የሚያዋጣ አይመስልም። ደግሞም አጭበርባሪ እንኳ ለራሱ አድራሻ ነጻውን ሊያገኝ ስለሚችል፣ ምስክር ወረቀቱ ስለ ሸቀጡ ጥራትም ሆነ ስለ ሻጩ ሐቀኝነት አንዳች አይናገርም።

ከዋጋው ይልቅ ማሳሰብ የሚገባው የማብቂያው ቀን ነው። ቀኑ ያለፈበት ምስክር ወረቀት እንዳልታመነው ይቆጠራል፤ ሱቁ ተከፍቶ ሳለ እንደ ተዘጋ ይሆናል። የብራውዘር ሠሪዎችና ሰጪ ድርጅቶች በ2025 በወሰኑት መሠረት፣ የአንዱ ምስክር ወረቀት ረጅሙ ዕድሜ ከመጋቢት 2026 ጀምሮ 200 ቀን፣ ከመጋቢት 2027 ጀምሮ 100፣ ከመጋቢት 2029 ጀምሮ 47 ቀን ብቻ ይሆናል። በዚህ ፍጥነት በጸሐፊ ማስታወሻ እየተመዘገበ በእጅ ይታደስ ማለት የማይሆን ነገር ነው። ሌትስ ኤንክሪፕትም በኢሜይል ይልከው የነበረውን የማብቂያ ማስታወሻ በ2025 አቁሟል።

ስለዚህ ነጋዴው ድረ ገጹን የሚያስቀምጥለትን ድርጅት ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ይጠይቅ፤ ምስክር ወረቀቱ በኪራዩ ውስጥ ይጠቃለላልን? እድሳቱስ በራሱ ይካሄዳልን? ብዙዎቹ ይህን ያለ ተጨማሪ ዋጋ ስለሚሰጡ፣ ለብቻው ገዝቶ ሁለት ጊዜ መክፈል አያሻም። ምስጢራዊው ቁልፍና የአድራሻው ምዝገባ በማን እጅና በማን ስም እንዳሉ በጽሑፍ ይቀበል፤ ገጹን የሠራው ባለሙያ ሥራውን ትቶ ቢሄድ፣ ቁልፉን አስለውጦ አዲስ ምስክር ወረቀት ማውጣት የሚችለው አድራሻው በንግድ ቤቱ ስም የተመዘገበ እንደ ሆነ ነው።