የሰውነት ጽሑፍና የቆጮ ማባያ

በፍስሐ ገነት አካባቢ በገበሬው ጓሮ ቡናና እንሰት ጎን ለጎን ይበቅላሉ። አፈሩ አንድ ነው፤ ዝናቡም አንድ ነው። ይሁን እንጂ የቡና ፍሬ ብንተክል እንሰት አይበቅልልንም። ከአምቾ የሚወጣው ችግኝም እንሰት እንጂ ቡና አይሆንም። የሰው ልጅም እናትና አባቱን ይመስላል። ይህ የሚሆነው ለምንድን ነው?

ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ሴል ከሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ነው። ሴል በጣም ትንሽ ስለሆነ የሚታየው በማይክሮስኮፕ ነው። በሴሉ ውስጥ እንደ ጽሑፍ ያለ ነገር አለ፤ ስሙ ዲ.ኤን.ኤ. ይባላል። ግማሹን ከእናታችን፣ ግማሹን ከአባታችን ወርሰነዋል። ይህ ጽሑፍ በቀለም አልተጻፈም፤ አራት ዓይነት ንጥረ ነገሮች ተራ በተራ ተደርድረው የሠሩት ነው። እነዚህን አራቱን ፊደላት እንበላቸው። እኛ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ለመቁጠር ብዙ ደክመናል፤ ሴል ግን ሁሉን የሚጽፈው በአራት ፊደል ብቻ ነው።

ጽሑፉ እንዴት ይነበባል?

በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ዋናው መዝገብ ከቦታው አይወጣም፤ ለባለጉዳይ የሚሰጠው ግልባጭ ነው። ሴልም እንዲሁ ያደርጋል። ዲ.ኤን.ኤ. በሴሉ እምብርት ተቀምጦ ይቀራል። የሚፈለገው ክፍል ብቻ ይገለበጣል። ግልባጩ አር.ኤን.ኤ. ይባላል። ከእምብርቱ ወጥቶ ራይቦዞም ወደሚባል የሥራ ቦታ ይሄዳል።

ራይቦዞም ግልባጩን ሦስት ሦስት ፊደል እያደረገ ያነባል። ሦስቱ ፊደል አንድ ቃል ነው። ቃሉም «ይህን ዶቃ አምጣ» ብሎ ያዛል። ዶቃ ያልነው አሚኖ አሲድ የሚባለውን ነው። ዶቃዎቹ 20 ዓይነት ናቸው። በትእዛዙ መሠረት አንድ በአንድ ሲሰኩ ረጅም ሰንሰለት ይሆናሉ። ሰንሰለቱ ተጣጥፎ ቅርጽ ሲይዝ ፕሮቲን ይባላል። ቃላቱ በጠቅላላው 64 ናቸው። ከነዚህ 3ቱ እንደ አራት ነጥብ «እዚህ ላይ አቁም» ይላሉ። ሊቃውንት የመጀመሪያውን ቃል ትርጉም ያወቁት እ.ኤ.አ. በ1961 ነው፤ በ1966 ሁሉንም ለይተው ጨረሱ።

ጡንቻችን፣ ጸጉራችንና ጥፍራችን ከፕሮቲን የተሠሩ ናቸው። ምግብ የሚያልምልን፣ በሽታንም የሚከላከልልን ፕሮቲን ነው።

ዶቃው ቢጎድልስ?

ጽሑፍ ብቻውን ሥጋ አይሆንም። ትእዛዙ ደህና ሆኖ ሳለ የታዘዘው ዶቃ ከጎደለ ሥራው ይቆማል። ሰውነታችን አንዳንዶቹን ዶቃዎች ራሱ ይሠራል። 9ኙን ግን መሥራት አይችልም፤ ከምግብ ማግኘት አለበት።

ቆጮ ጥሩ ምግባችን ነው። ጉልበት ይሰጣል፤ በክፉ ቀንም ያድናል። ነገር ግን ፕሮቲኑ በጣም ትንሽ ነው። ሕፃን ልጅ ቆጮ ብቻ ቢበላ ሆዱ ይሞላል፤ ሰውነቱ ግን አይገነባም። ቁመቱ ይቀራል፣ ጸጉሩ ይሳሳል፣ በሽታ ቶሎ ይይዘዋል። ሲብስበት እግሩና ፊቱ ያብጣል። ይህን አይተን «ልጁ ወፈረልን» ብንል እንሳሳታለን። ይህ በሽታ ነው፤ ይገድላልም። ልጁን ሳንውል ሳናድር ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው።

ስለዚህ ለቆጮው ማባያ እንፈልግለት። ባቄላ፣ አተር፣ ቦሎቄ፣ ወተት፣ አይብና እንቁላል ፕሮቲን አላቸው። በቆሎ የሚጎድለውን ዶቃ ባቄላ ይሞላለታል፤ ሁለቱ አብረው ሲበሉ ይረዳዳሉ። ሕፃን እስከ 6 ወር የእናቱ ጡት ብቻ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ ጡቱን ሳይተው፣ በደንብ የበሰለና የላመ ባቄላ በገንፎው ይጨመርለት። እርጉዝና የምታጠባ እናትም እንዲሁ ማባያው አይጉደልባት። እንቁላሉን ሁሉ ወደ ገበያ ልከን፣ ወተቱንም ለእንግዳ ብቻ አስቀምጠን ልጆቻችንን አንርሳ።

ልጁ ጽሑፉን ከእኛ ወርሷል። ዶቃውን ማቅረብም የእኛ ፋንታ ነው።

ጥያቄዎች
1. የዲ.ኤን.ኤ. ግልባጭ ምን ይባላል? ወዴትስ ይሄዳል?
2. ቆጮ ብቻ የሚበላ ሕፃን ምን ይጎድለዋል?
3. በቤታችን ካለው ምግብ ውስጥ ፕሮቲን ያለው የትኛው ነው? ለልጆቹስ ይደርሳቸዋል?