የጉና ዋጋ ስንት ነው?

ወንድም ገበሬ፣ እህት ገበሬ! በሬ ገበያ ሲወጣ ዋጋው ይታወቃል። በደብረ ታቦር አቅራቢያ ያለው የጉና ተራራስ? አይሸጥም፤ ስለዚህ ዋጋ የሌለው ይመስላል። ነገር ግን ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ ርብና ጉማራ ከእርሱ ተነሥተው በፎገራ በኩል ጣና ይገባሉ።

የጉና ሣርና አስታ ዝናቡን ይዞ ቀስ እያለ ለምንጩ ይሰጣል። ተዳፋቱ ከታረሰ ግን ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ ይወስዳል። ከላይ ማሳው ይሳሳል፤ ከታች የፎገራ ሩዝ ይጎዳል፤ የርብ ግድብም በደለል ይሞላል።

እንግዲህ እናስላ። ቀበሌው ተዳፋት መሬት ለእርሻ ለመስጠት ሲሰበሰብ፣ በአንድ ወገን የሚገኘውን ገብስ ጻፉ። በሌላ ወገን የሚጠፋውን ሣር፣ አፈርና ውሃ ጻፉ። አመዛዝናችሁ ወስኑ።

ጥያቄ፦ ምንጩ ቢደርቅ ውሃ ለመቅዳት ስንት ሰዓት ይፈጃል? በዚያ ሰዓት ምን ሥራ ይሠራ ነበር?