የፋርማሲ ተማሪዎች ዓለም አቀፍ ልምምድና የዱብሉቅ ሙቀት

እንደሚታወቀው የፋርማሲ ትምህርት በመማሪያ ክፍልና በላቦራቶሪ ብቻ የሚያልቅ አይደለም። በአገራችን ትምህርቱ በ1961 እ.ኤ.አ. በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲጀመር ትኩረቱ በአመዛኙ በመድኃኒቱ ላይ ነበር። በ2008 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ በዋለው የአምስት ዓመት ሥርዓተ ትምህርት ግን በሽተኛው ማዕከል ሆኖ የመጨረሻው ዓመት ለተግባር ልምምድ ተሰጥቷል። ከዚህም አልፎ በ1949 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የፋርማሲ ተማሪዎች ፌዴሬሽን ተማሪዎች ወደ ሌላ አገር ሄደው ለአጭር ጊዜ የሚለማመዱበትን የልውውጥ ፕሮግራም ያካሂዳል።

ልውውጡ መልካም ነው። ይሁን እንጂ እንግዳውን ተማሪ የምንልከው ወዴት ነው? አብዛኛውን ጊዜ ወደ ትልቅ ከተማ ሆስፒታል መሆኑ አያጠራጥርም። እኛ በዚህ ጽሑፍ ዓይናችንን ወደ ደቡብ ቆላ፣ ወደ ዱብሉቅ እናዞራለን።

ዱብሉቅ ከያቤሎ ወደ ሜጋና ሞያሌ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኝ የቦረና ከተማ ናት። በቁም እንስሳት ገበያዋና ቱላ በሚባሉት ጥንታዊ ኤላዎቿ ትታወቃለች፤ ሰዎች በጥልቁ ጉድጓድ ውስጥ በረድፍ ቆመው እየዘፈኑ ውኃውን ከእጅ ወደ እጅ የሚያቀባብሉባቸው ናቸው። ከ2020 እስከ 2023 እ.ኤ.አ. በዘለቀው ድርቅ ከብታቸው ያለቀባቸው ብዙ ቤተሰቦች የተጠለሉትም በዚህች ከተማ ዙሪያ ነበር። የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት በነገሌ ቦረና ቅርንጫፍ አለው፤ ሆኖም መድኃኒት ከቅርንጫፍ መጋዘን ወጥቶ እንዲህ ባለ የቆላ ከተማ መደርደሪያ ላይ እስኪደርስ ድረስ ሙቀት አብሮት ይጓዛል።

መድኃኒት በሙቀት የሚበላሸው በኬሚካዊ ለውጥ ነው። የአሬኒየስ ቀመር እንደሚያስረዳን የለውጡ ፍጥነት ከሙቀቱ ጋር በእኩል እርምጃ ሳይሆን እየተባዛ ያድጋል። ለምሳሌ ያህል የአንድ ማከማቻ ሙቀት የቀኑን ግማሽ 20፣ ግማሹን 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው እንበል። ተራው አማካይ 30 ነው፤ በእሽጉ ላይ «ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት ይቀመጥ» ተብሎ ከተጻፈም ደንቡ የተከበረ ይመስላል። አክቲቬሽን ኢነርጂውን እንደተለመደው 83 ኪሎጁል በሞል አድርገን ብናሰላ ግን የደረሰው ጉዳት መድኃኒቱ ቀኑን ሙሉ በ34 ዲግሪ ገደማ ቢቀመጥ ከሚደርስበት ጋር እኩል ሆኖ እናገኘዋለን። ይህ አማካይ ኪኔቲክ ሙቀት ይባላል። አንባቢያን ወረቀትና ካልኩሌተር ይዘው ሊሞክሩት ይችላሉ፤ ዲግሪውን ወደ ኬልቪን መለወጥ ግን እንዳይዘነጋ።

ነገሩ የሒሳብ ጨዋታ ብቻ አለመሆኑን ለመረዳት ኦክሲቶሲንን እንውሰድ። ከወሊድ በኋላ የሚደርስን የደም መፍሰስ ለመከላከልና ለማከም የሚሰጥ መርፌ ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጡት የጋራ መግለጫ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ እንዲቀመጥ አሳስበዋል። ሙቀት ያገኘው ኦክሲቶሲን መልኩን አይለውጥም፤ ብልቃጡ ውስጥ ያለው ፈሳሽ እንደቀድሞው ጥርት ያለ ነው። አዋላጇ በትክክል ወግታ ደሙ አልቆም ሲል፣ ጥፋቱ ከቀናት በፊት መብራት ጠፍቶ ማቀዝቀዣው ሲሞቅ የተፈጸመ ሊሆን ይችላል።

ሳይንሱ መልስ እየፈለገ ነው። ሙቀት የሚቋቋም ካርቤቶሲን ከኦክሲቶሲን ጋር በ10 አገሮች በ29,645 እናቶች ላይ ተነጻጽሮ ውጤቱ በ2018 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ ከአገሮቹ አንዷ ከሞያሌ ማዶ ያለችው ኬንያ ናት። በማግሥቱ ዓመት መድኃኒቱ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ገባ። የገባው ግን ደም መፍሰስን ለመከላከል እንጂ የጀመረውን ለማከም ስላልሆነ ኦክሲቶሲንና ማቀዝቀዣው ዛሬም አስፈላጊ ናቸው።

ከአውሮፓ የመጣ ተማሪ ይህን በአገሩ ሆስፒታል ሊያየው አይችልም ማለት ይቻላል። በዚያ አካባቢ የመድኃኒት የቆይታ ጊዜ የሚፈተነው በተለምዶ በ25 ዲግሪ ነው፤ ሞቃት አገሮች ግን 30 ዲግሪ ይጠይቃሉ። በአንጻሩ ኢትዮጵያዊው ተማሪ ወደ ውጭ ቢሄድ የቆይታ ጊዜ መፈተኛ ክፍሎቹንና የጥራት መመርመሪያ መሣሪያዎቹን በእጁ ይነካል። እዚህ ላይ ሚዛኑ እንደተዛባ መናገር ይገባል፤ የአውሮፕላን ቲኬትና ቪዛ የሚከብደው ከእኛ ወገን ለሚነሣው ነውና። ልውውጥ የሚባለው በሁለቱም አቅጣጫ ሲሄድ ነው።

እንግዳው ቆላ ሲወርድ ብቻውን ባይሆን እንመርጣለን። አፋን ኦሮሞ ከሚናገር ኢትዮጵያዊ የፋርማሲ ተማሪ ጋር ይጣመር። የሙያ ፈቃድ ስለሌለው መድኃኒት በራሱ አያድልም፤ በተቋሙ ባለሙያ ሥር ሆኖ ግን በመደርደሪያው ላይና በማቀዝቀዣው ውስጥ የሙቀት መመዝገቢያ አስቀምጦ በየሰዓቱ የተነበበውን መሰብሰብ፣ ከላይ ባየነው ስሌት መተንተንና በሙቀት የተጠረጠሩትን ለይቶ ማሳየት ይችላል። መመዝገቢያው እዚያው ይቀራል፤ የውጤቱም የመጀመሪያ ቅጂ ለጤና ተቋሙ የመድኃኒት ክፍል ይሰጣል፤ ለዩኒቨርሲቲው የሚቀርበው ሪፖርት ከዚያ በኋላ ይደርሳል።