ስለ ኢትዮጵያ ምድር አቀማመጥና ለእርሻ አስተዳደር ስላለው ጥቅም

አገር የሚያስተዳድር ሹም የግዛቱን ወሰንና የሕዝቡን ብዛት ማወቁ ብቻ አይበቃውም። ምድሩ ከየት ከፍ፣ ከየት ዝቅ እንደሚል፣ ውሃውም ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚወርድ ጭምር ሊያውቅ ይገባዋል፤ አዝመራ የሚያምረው በትእዛዝ ብዛት ሳይሆን የምድሩን ጠባይ በማወቅ ነውና። ስለዚህ የኢትዮጵያ ምድር እንዴት እንደ ተሠራና ይህም ለገበሬው ሥራ ምን እንደሚያስከትል ከዚህ ቀጥሎ በየክፍሉ ተጽፏል።

የኢትዮጵያ ምድር ስፋት 1,100,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሁሉ ከፍ የሚለው በስሜን ያለው የራስ ዳሽን ተራራ ሲሆን ከባሕር ወለል ከ4,500 ሜትር በላይ ይወጣል። ከሁሉ ዝቅ የሚለው በአፋር፣ በዳሎል አጠገብ ያለው ረባዳ ሲሆን ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ያህል ይወርዳል። በአንደኛው ላይ ብርድ የበረታበት አመዳይ ይጥላል፤ በሁለተኛው አሞሌ ጨው ይቈረጣል።

1ኛ፤ ስለ ደጋው ምድር።

ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ሆድ የወጣ የቀለጠ ድንጋይ በስንጥቆች እየፈሰሰ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተነጠፈ ቀዘቀዘ፤ ምድሩም ከሥር ተገፍቶ ከፍ አለ። ከዚህ በኋላ ዝናብና ወንዝ ለብዙ ዘመን እየቦረቦሩት ጥልቅ ገደል አወጡለት። ጠንካራው ድንጋይ በአናቱ የቀረለት ስፍራ ግን ዙሪያው ገደል፣ ላዩ ሜዳ ሆኖ አምባ ተባለ። ይህ ጥቁር ድንጋይ ሲፈርስ የሚሰጠው አፈር ለም ነው፤ ውሃ በሚቆምበት ሜዳ ላይ ጥቁር መረሬ፣ ውሃ በሚያልፍበት ተዳፋት ላይ ቀይ አፈር ይሆናል። መረሬው በክረምት ውሃ ይዞ ያብጣል፣ በበጋም ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ውሃው በቦይ ካልወጣለት ዘሩ ይበሰብሳል።

2ኛ፤ ስለ ስምጥ ሸለቆ።

ደጋው አንድ ወጥ አይደለም። ከአፋር ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚሄደው ስምጥ ሸለቆ ለሁለት ይከፍለዋል፤ ስሜን፣ ጎጃም፣ ወለጋና ከፋ በምዕራቡ ወገን፣ አርሲ፣ ባሌና የሐረርጌ ተራሮች በምሥራቁ ወገን ይገኛሉ። ሸለቆው የተሠራው ምድሩ ወዲያና ወዲህ ተስቦ መካከሉ ስለ ሰመጠ ነው። ይህም ነገር ገና አላበቃም፤ በ1998 ዓ.ም. በአፋር በዳባሁ አጠገብ ምድሩ 60 ኪሎ ሜትር በሚያህል ርዝመት ተሰንጥቆ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወዲያና ወዲህ እስከ 8 ሜትር ተራራቀ።

ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታ፣ ሻላ፣ አዋሳ፣ አባያና ጫሞ የሚባሉት ሐይቆች በዚህ ሸለቆ ወለል ላይ የተኙ ናቸው። ይሁን እንጂ ውሃቸው አንድ ዓይነት አይደለም። የዝዋይ ውሃ ጣፋጭ ስለ ሆነ ለመስኖ ያገለግላል፤ የሻላና የአብያታ ውሃ ግን ሶዳ የበዛበት ስለ ሆነ ቡቃያን ያጠፋል። ስለዚህ የውሃውን ዓይነት ሳይመረምሩ፣ መኖሩን ብቻ አይቶ መስኖ ማዘዝ ጉዳት ነው።

3ኛ፤ ስለ ቆላው ምድር።

ደጋው በዙሪያው ወደ ቆላ ይወርዳል። በምዕራብ የሑመራ፣ የመተማና የጋምቤላ ሜዳ፣ በምሥራቅ የአፋርና የኦጋዴን ምድር አለ። በሑመራና በመተማ ሰሊጥና ማሽላ ይበቅላል፤ ምሥራቁ ግን ዝናብ ስለሚያንሰው ይልቁን የከብትና የግመል አገር ነው። የዝናቡም ወራት አንድ አይደለም። ለሰሜኑና ለመካከለኛው ደጋ ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ሲሆን፣ ለኦጋዴንና ለቦረና ግን ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። በአዲስ አበባ የክረምቱን መግባት አይቶ ለቦረና የዘር ትእዛዝ የሚጽፍ ሰው፣ ጊዜው ካለፈ በኋላ ይጽፋል።

4ኛ፤ ስለ ከፍታና ስለ አዝመራ።

ሰው 1,000 ሜትር ሽቅብ በወጣ ጊዜ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንስለታል። ባላገሩም ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋልና ምድሩን በስም ከፍሎታል። ከ500 ሜትር በታች በረሃ፣ ከ500 እስከ 1,500 ቆላ፣ ከ1,500 እስከ 2,300 ወይና ደጋ፣ ከ2,300 እስከ 3,200 ደጋ፣ ከዚያ በላይ ውርጭ ይባላል፤ ልኩ ግን በየአገሩ ጥቂት ይለያያል። ማሽላ ለቆላ፣ ጤፍ ለወይና ደጋ፣ ገብስ ለደጋ ይስማማል።

ለምሳሌ ከደጀን ወይም ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ዐባይ ድልድይ የሚሄድ መንገደኛ ከ1,000 ሜትር የሚበልጥ ቁልቁለት ይወርዳል፤ በላይ የጤፍና የስንዴ እርሻ ትቶ፣ ከታች የማሽላ አገር ይደርሳል። እንዲህ ባለ ስፍራ አንድ ወረዳ ሁለትና ሦስት ዓይነት አየር ይይዛል። ስለዚህ ለወረዳው ሁሉ አንድ የዘር ዓይነትና አንድ የመዝሪያ ቀን ቢታዘዝ፣ ለከፊሉ ገበሬ ዓመቱ ከንቱ ይቀርበታል፤ ጥፋቱም የዘሩ ሳይሆን ያዘዘው ሰው ነው።

5ኛ፤ ስለ ወንዞችና ስለ አፈር መጠበቅ።

ዐባይ፣ ተከዜና ባሮ ወደ ሱዳን ወርደው፣ ግብፅ ከሚደርሰው የናይል ውሃ ከመቶው ከ80 የሚበልጠውን እጅ ይሰጣሉ። ኦሞ ወደ ቱርካና ሐይቅ፣ ዋቢ ሸበሌና ገናሌ ወደ ሶማልያ ይሄዳሉ። አዋሽ ግን ከሸዋ ደጋ ተነሥቶ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ወሰን በአቤ ሐይቅ ያልቃል።

ውሃው ብቻውን አይሄድም፤ በክረምት የወንዙን መልክ የሚለውጠው ከተዳፋቱ እርሻ የታጠበው አፈር ነው። በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ፣ አዋሽ ከላይ እያመጣ በጣለበት ደለል ምክንያት ውሃ የሚይዝበት ስፍራ ብዙ ተቀንሶበታል። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የዐባይ ግድብም ደለል እንዳያስቸግረው፣ ከበላዩ ያለው ተዳፋት ሊጠበቅ ያስፈልጋል። በላይ የሚኖረው ገበሬ አፈሩን ሲያጣ፣ በታች የሚኖረው ውሃውን ያጣል።

መድኃኒቱ በአገር ውስጥ የታወቀ ነው። የኮንሶ ሕዝብ ከ400 ዓመት በላይ ድንጋይ እየካበ፣ ቀጥ ያለውን ተዳፋት በእርከን ከፋፍሎ ሲያርስ ኖሯል፤ ይህም ሥራው በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

ከዚህም የተነሣ አገረ ገዥውና የወረዳው ሹም ሦስት ነገር ሊፈጽሙ ይገባል። መጀመሪያ፣ የግዛታቸውን ምድር በቆላ፣ በወይና ደጋና በደጋ ለይተው ይመዝግቡ፤ ዘርም በዚሁ መዝገብ ልክ ይደልድሉ። ሁለተኛ፣ አንድ ወንዝ የሚያዋስናቸው ሹማምንት፣ ወንዙ ወሰናቸው ብቻ ሳይሆን የጋራ ሥራቸው መሆኑን ዐውቀው በአንድነት ይምከሩ። ሦስተኛ፣ እርከንና ቦይ ከተራራው ራስ ተጀምሮ ወደ ታች ይሠራ፤ ከሜዳው የተጀመረ እንደ ሆነ የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ያፈርሰዋልና። መሬት የያዘ ሰውም ሁሉ፣ በዘመኑ የሚታጠበው አፈር በልጁ ዘመን የማይመለስ መሆኑን አስቦ፣ ይህን ሥራ ክረምት ሳይገባ በበጋው ወራት ይፈጽም።