ስለ እንሰት በሽታ በኢንተርኔት ፈልጎ እውነተኛውን ቃል ስለ ማግኘት የተሰጠ ትምህርት

በወልቂጤና በቡታጅራ ዙሪያ ያለው ገበሬ ኑሮው በእንሰት ላይ የቆመ መሆኑ የታወቀ ነው። ቆጮውንና ቡላውን ይመገባል፤ ቃጫውን ይሸጣል፤ ቅጠሉንም ለከብቱ ያበላል። ነገር ግን እንሰት ተተክሎ ለመፋቅ እስኪደርስ ብዙ ዓመት ስለሚፈጅ፥ አጠውልግ የሚባለው በሽታ ጓሮውን ያጠፋበት ገበሬ ጉዳቱ በሚመጣው መኸር የሚካስ አይደለም። ስለዚህ ወደ ሹሙ ቀርቦ ምክር በጠየቀ ጊዜ፥ ሹሙ ትክክለኛውን ፈልጎ ሊነግረው ይገባል። በኢንተርኔት እውነቱና ሐሰቱ ተደባልቆ ስለሚገኝ፥ ስንዴውን ከእንክርዳዱ መለያው ዘዴ እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ ጥያቄው አጭርና የተለየ ይሁን። «እንሰት» ብቻ ተብሎ ቢጻፍ የምግቡም የባህሉም ጽሑፍ ይጎርፋል፤ «የእንሰት አጠውልግ መከላከያ» ቢባል ግን ጉዳዩ ይቀርባል።

2ኛ፤ ስሙ በየአጻጻፉ ይፈለግ። «ሰብል» እና «ሠብል» በአንደበት አንድ ሲሆኑ በጽሕፈት ይለያያሉ። በሽታውን በመቻል የታወቀው ማዚያ የተባለው የእንሰት ዓይነትም በላቲን ፊደል ከአንድ በላይ አጻጻፍ አለው።

3ኛ፤ የሊቃውንቱ ስያሜ መለዋወጡ ይታወቅ። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ በ1968 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሽታውን በእንሰት ላይ ሲገልጹ፥ ተሐዋሲው ዛንቶሞናስ ሙሳሴያሩም ይባል ነበር። በኋላ በካምፔስትሪስ፥ ከዚያም በቫሲኮላ ወገን ተመደበ። «ሙሳሴያሩም» የሚለው ቃል ግን በሁሉም ስላለ፥ እርሱን በላቲን ፊደል የጻፈ ሰው የቀድሞውንም የአሁኑንም ጥናት ያገኛል።

4ኛ፤ ምልክቶችን በጥንቃቄ መጠቀም። በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ የገቡ ቃሎች ሳይለያዩ ይፈለጋሉ፤ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት የተደረገበት ቃል ያለበት ጽሑፍ ይቀራል። ይሁን እንጂ እንሰት በእንግሊዝኛ «ሐሰተኛ ሙዝ» ስለሚባል፥ የሙዝን ስም በእንግሊዝኛ ያስቀረ ሰው የእንሰቱንም ጽሑፍ አብሮ ያጣል።

5ኛ፤ ጸሐፊውና ዘመኑ ይመርመር። የአውሮፓ ዓመት ከኢትዮጵያው በ7 ወይም በ8 ስለሚበልጥ፥ የዓመት ቁጥር ሲነበብ በየትኛው አቆጣጠር እንደ ተጻፈ ይለይ።

6ኛ፤ አንድ ገጽ ብቻውን አይታመን። «የታመመውን እንሰት የሚፈውስ መድኃኒት ይሸጣል» የሚል ቢገኝ፥ ሻጭ ስለ ሸቀጡ የሚናገረው ማስረጃ አይደለምና፥ የዩኒቨርሲቲና የእርሻ ምርምር ተቋማት ጽሑፍ ይመሳከር። በሽታው የያዘውን ተክል የሚያድን የታወቀ መድኃኒት የለም። ምርምሮች የሚስማሙበት ምክር የታመመውን ነቅሎ ከጓሮው ማስወገድ፥ ቢላዋውን በእሳት ማጽዳት፥ ከብት ከታመመው ተክል ማራቅና ንጹሕ ችግኝ መትከል ነው።

ሹም ሳይመረምር የተናገረው ቃል በገበሬው ጓሮ ዋጋ ያስከፍላል። ስለዚህ ያገኘውን በግብርና ባለሙያ አስመርምሮ፥ ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ በገበያና በስብሰባ ያስነግር።