ከጉበት ላይ ሲቆረጥ የሚቀረው
የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከዐለት ሲፈለፈሉ ጠራቢው ይበልጥ የሚጠነቀቀው ለሚያስቀረው ነበር። በጉበት ቀዶ ጥገናም የሚያሠጋው የቀረው ማነሱ ነው፤ እርግጥ ጉበት እንደ ድንጋይ ሳይሆን መልሶ ያድጋል። ለጤናማ ጉበት ሩብ ያህሉ ቢቀር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። በሄፓታይተስ ቢ ወይም በመጠጥ ለጠጠረው ግን 40 በመቶ ያህል ሊቀር ይገባል፤ ቫይረሱ በአገራችን የተስፋፋ በመሆኑ ጉዳዩ ለላስታ ሕሙማንም ባዕድ አይደለም። በቀዶ ጥገናው ወቅት ብዙ ደም መፍሰስና ከዚያ በፊት የነበረ የዓይን ቢጫነት አደጋውን ያብሳሉ።

በ2005 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ሐኪሞች እንዳሳዩት፣ በ5ኛው ቀን ቢሊሩቢን በሊትር ከ50 ማይክሮሞል በላይ፣ ደም ለማርጋት የሚረዳው ፕሮትሮምቢን ደግሞ ከ50 በመቶ በታች ከሆነባቸው ሕሙማን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሞተዋል። ስለዚህ ወደ ሩቅ ደጋ መንደር የሚመለስ ሕመምተኛ ይህ የደም ምርመራ ሳይደረግለት ሊሸኝ አይገባም።