ማሽኑን «ከማን ሰማህ?» በይው

እስኪ ስልኩን ወደ እኔ ዘንበል አድርጊው። የጎረቤታችንን ውርስ ነው ለኤአይ የሰጠሽው? አትደንግጪ፣ ሐራም ነው ልልሽ አልመጣሁም። ማሽን ሁሉ የዲን ጠላት የሚመስላቸው ሰዎች ታሪኩን ያላነበቡ ናቸው። አል-ኸዋሪዝሚ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባግዳድ ላይ በጻፈው የአልጀብራ መጽሐፍ ሰፊ ቦታ የሰጠው ለኑዛዜና ለውርስ ስሌት ነው። አል-ጀዘሪም በ1206 በጨረሰው መጽሐፉ ውስጥ ለውዱእ ውሃ የሚያፈስ ማሽን አለ፤ የዲያርባክሩ ንጉሥ አገልጋይ ውሃ ሲያፈስለት ስለማይወድ ነው የሠራለት። (ንጉሥም ያፍራል ማለት ነው!)

ማስላቱ አይደለም የሚያሳስበኝ። እስኪ መልሱን አብረን እንየው። ሟቿ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ልጅ የላትም፣ ወንድም የላትም፣ ወላጆቿም ቀድመዋታል፤ የተዋቻቸው ባሏንና ሁለት የእናት የአባት እህቶቿን ነው። ለባል ግማሽ፣ ለእህቶች ሁለት ሦስተኛ። ደምሪው። ስድስት ቦታ ከከፈልሽው ሰባት ሆነ፣ ከሙሉው በለጠ። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲገጥማቸው ሶሓቦችን አማክረው ንብረቱን ሰባት ቦታ አደረጉት፤ ለባል ሦስት፣ ለእህቶች ሁለት ሁለት። ዐውል የሚባለው እሱ ነው። ኢብኑ ዐባስ በኋላ ባይስማሙበትም አራቱም መዝሀቦች የያዙት ይህንኑ ነው። እንግዲህ 700,000 ብር ከሆነ ለባል 300,000፣ ለእያንዳንዷ እህት 200,000 ይደርሳል። ያንቺ ማሽን ግን ለባል 350,000 ቆርጦ የቀረውን ለእህቶች አካፈለና ጨረሰ፤ ያውም ቅንጣት ሳይጠራጠር!

ይህንን ብታርሚውም ገና ነው። ሸይኹ ዘንድ ብትሄጂ ከማካፈላቸው በፊት ይጠይቁሻል፦ ዕዳ ነበረባት? ኑዛዜስ ትታለች? ኑዛዜው ከሲሶው አያልፍም? ባሏ መህሯን ከፍሎ ጨርሷል? ያልከፈለው ካለ የእሷ ገንዘብ ስለሆነ ውርሱ ውስጥ ይገባል። ማሽኑ ከዚህ አንዱንም አልጠየቀሽም። የሰጠሽውን ሦስት መስመር ይዞ ሮጠ።

ሀዲስ ላይ ደግሞ ከዚህም በላይ ተጠንቀቂ። የሀዲስ ሰዎች ከማን ሰማህ፣ እሱስ ከማን ሰማ እያሉ እስከ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ድረስ ስም በስም ይወጡ ነበር። ሰውዬው ታማኝ ሆኖ እንኳ በእርጅናው ማስታወሱ ከደከመ፣ ከዚያ ወዲህ ያወራውን ይለዩበታል። ማሽኑ ግን የትኛው ቃል ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚመጣ እየገመተ ነው የሚጽፈው፣ ሰነድ የለውም። «ቡኻሪ፣ ቁጥር ይህን ያህል» ካለሽ መጽሐፉን ክፈቺ። ቁጥሩ እንደየኅትመቱ ስለሚለያይ በቃሉ ፈልጊ። አንዳንዴ በዚያ ቁጥር ጭራሽ ሌላ ሀዲስ ታገኛለሽ፣ አንዳንዴም ያ ንግግር የትም የለም።

ቁርአን ስትቀሪ ሰምቶ የዘለልሽውን ቃል የሚያሳይሽን አፕ ግን አልከለክልሽም፤ ሒፍዝ ለመከለስ ግሩም ነው። ተጅዊዱን ኡስታዛሽ አፍሽን እያየች ታርምሽ። ዷድን ከምላስሽ ጎን ማውጣት ገና አልሆነልሽም፣ አውቃለሁ።

በይ አሁን የጻፍሽውን አጥፊው። የሴትዮዋን ስም ከነአባቷ፣ ከነበሽታዋ አስገብተሻል እኮ! የሰው ገመና ነው። ስለ መህሩ ባሏ ይጠየቅ፤ አንቺ አይደለሽም፣ እማዬ ትጠይቀው። ሸይኹን ከዐስር ሶላት በኋላ መስጂድ ታገኛቸዋለች።